ጥንዴን የወሰደብኝ ሰው

ሰኞ (ይመስለኛል)

ይህን ወረቀት የቀደድኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ነው። የከረጢቱ የመሀል ንጣፍ ንጹሕ ነው፤ አቧራውን ካራገፉለት እርሳስ ይቀበላል። ዳርና ዳሩን በሽቦ ሰፋሁት። ሹፌር ሳለሁ የጉዞ ደብተር ሳልሞላ ሞተር አላስነሣም ነበር፤ ከየት ተነሣሁ፣ ወዴት እሄዳለሁ፣ ምን ጫንኩ። አሁን የምነዳው የለኝም። እጄ ግን ለምዶ አላርፍ አለኝ።

ማንም ያግኘው ማን፣ እኔ የጦር ምርኮኛ ነኝ። ሁለተኛው ብርድ ገብቶብናል። ያለንበት ግቢ ብሎኬት ማምረቻ ነው። አሸዋና ሲሚንቶ እናቦካለን፣ በማተሚያው እየረገጥን እናወጣለን፣ የወጣውን ውኃ እናጠጣለን። ሁሉም ሰው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሁሉም ሰው ይስላል።

እዚህ ሰው ለብቻው አይቆጠርም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። ለጥንድ አንድ ዳቦ፣ ለጥንድ አንድ የውኃ ጣሳ፣ ለጥንድ አንድ የአሸዋ መሸከሚያ ባሬላ። ዳቦውን አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይመርጣል፤ በማግስቱ ይለዋወጣሉ። ቆራጩ ሁለቱን እኩል ለማድረግ ላቡ ጠብ እስኪል ይለካል፤ ካዛነፈ ትንሿ ለራሱ ናታ። ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ እኛ ስንመጣ ነበር። በዚህ ግቢ ጥንዱን ጥሎ ወደ ሌላ የሄደ ሰው ሚስቱን ከነልጆቿ ከበተነ እኩል ነው የሚታየው።

የኔ ጥንድ መካኒኩ ነው። አንድ የጦር ክፍል ውስጥ አብረን ዘመትን፣ አብረን ተማረክን። መኪናዬ ሲቃጠል በሩን በመፍቻ ገንጥሎ ያወጣኝ እሱ ነው። ጭኔ ውስጥ የቀረው ብረት የዚያን ቀን ትዝታ ነው። ከሱ ጋር እስካለሁ ድረስ ይህ ቦታ ቢያንስ ሰው ያለበት ቦታ ነው።

ዛሬ ጥሩምባ ነፊው መጣብን። የጦሩ ሙዚቃ ጓድ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው። ጥንዱ ወደ ሌላ ግቢ ስለተወሰደ እኛ ላይ ለጠፉት። «ሦስተኛ ሁኑ» ተባልን። ሦስተኛ ብሎ ጥንድ አለ?

ወሬኛ ነው። ጥርሱ አያርፍም።

ረቡዕ

ጉድ ነው መቼም። ዛሬ የመቁረጥ ተራው የኔ ነበር። በጥንቃቄ ቆረጥኩና እጄን ሰበሰብኩ።

«ምረጥ» አልኩት መካኒኩን።

«አንተው ምረጥ። የተረፈውን እወስዳለሁ» አለኝ፣ ዳቦውን እንኳ ሳያይ።

እንዴ! ቆራጭ ይመርጣል? እኔ ስለካ የቆየሁት ለማን ነው? ተናድጄ አንዱን አነሣሁ። እሱ የተረፈውን ወሰደና እኩሌታውን ገምሶ ለጥሩምባ ነፊው ሰጠው። ጥሩምባ ነፊው የራሱ ግማሽ ዳቦ አለው እኮ! «ተው ጋሼ» እያለ ተቀበለ። ተው እያሉ መቀበል ከየት ተማረው?

ለኔ ከድርሻው ቆርሶ ሰጥቶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ያኔ ግን ታምሜ ነበር፣ አይቆጠርም።

ቀንቼ አይደለም። ሥርዓት ሥርዓት ስለሆነ ነው።

ዓርብ

የመኝታ ፊሽካ ሊነፋ ነው፣ በአጭሩ።

ባሬላውን ከፊት የምይዘው እኔ፣ ከኋላ እሱ ነበርን። ወሬው ማጅራቴ ላይ ነው የሚውለው። ዛሬ ዝም ብሎ ሄዶ ፊቱን ያዘ። «ምነው?» አልኩት። «ዛሬ እኔ ልምራ።» ጥሩምባ ነፊው ከፊት ለፊት ነው አሸዋ የሚዝቀው። ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዋለ። መንገድ ላይ ደጋግሞ «አስቀምጥ» ይልና ጎንበስ ብሎ አፉን በክንዱ ይሸፍናል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ይሆናል። በኔ ይሆናል።

እሑድ

ዛሬ ሥራ የለም። ሰው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቅማሉን ይለቅማል። መካኒኩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ነበር። እጁን ብታዩት! ከምናምን ተነሥቶ እጀታ ያለው፣ ጠርዙ ከንፈር የማይቆርጥ ጣሳ አወጣ። ለጥሩምባ ነፊው ነው ብዬ በሆዴ እርር ድብን ስል ቆየሁ። ለሱ በሆነ ይሻለኝ ነበር። ለራሱ ነው።

በምስማር ምልክት አደረገበትና «በዚህች ማንም እንዳይጠጣ» አለ።

ማንም ማለት ማን ነው? ከሱ ጋር በአንድ ጣሳ የምጠጣ እኔ ብቻ ነኝ። ወፈፍ ሲያደርገኝ የሱ ከንፈር ያረፈበትን እየፈለግሁ የምጠጣ ይመስል! ይህን ያህል ጊዜ ሲጠጣ ያልቀፈፍኩት፣ ምን ሆንኩና ዛሬ ቀፈፍኩት?

ሽማግሌው ዘበኛ፣ አባባ የምንለው፣ በሽቦው ማዶ ቆሞ ሲያየን ነበር። «ምነው ሹፌር፣ ጎጆ ለየብቻ ሆነ? ተፋታችሁ?» አለኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። መካኒኩም ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ዞር አለ። ጥሩምባ ነፊው ሮጦ ውኃ አመጣለት። ማን ጠራው? እኔ ከሱ ይልቅ ቅርብ ነበርኩ። እርግጥ አልተነሣሁም።

የድሮውን ጣሳ አሁን ብቻዬን ነው የምጠጣበት። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ ግን አልጥም አለኝ።

ማክሰኞ

ወይ ጣጣ! አሁን ደግሞ መኝታ። ብርዱ ሲገባ ሁለት ብርድ ልብሳችንን ደርበን ጀርባ ለጀርባ ነበር የምንተኛው። ትናንት ምሽት የራሱን ብርድ ልብስ ሳብ አድርጎ ንፋስ የሚገባበት በሩ ሥር ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሞቀኝ።»

ሞቀኝ! ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ! በሱ ቦታ ማን ቢተኛ ጥሩ ነው? ጥሩምባ ነፊው፤ ብርድ ልብሱን ታቅፎ፣ «ጋሽ ሹፌር፣ ይፈቅዳሉ?» እያለ። ራሱ መካኒኩ ነው አምጥቶ ያስተኛው። እንግዲህ የሱን ጓደኛ ከኔ ጎን አስተኝቶ እኔን ሊሸነግል ነው።

ጠዋት ሸሚዙን አጣጥቦ በሩ ላይ አሰጣው፤ ውኃ ያንጠባጥባል። በዚህ ብርድ ማልዶ ልብስ ማጠብ ምን የሚሉት ነው? ትንሽ መሐረብ የመሰለች ጨርቅም አለችው፤ ለብቻዋ ያጥባትና ኪሱ ይከታታል፣ ሰው እንዳያይበት ይሸሽጋታል። ለማን እንደሚሽሞነሞን እንጃለት። ጉንጩም ማታ ማታ ቀላ ይላል። ደስታ ነው።

ሐሙስ

ከአሸዋው ክምር ጀርባ ነበሩ። አካፋ ልወስድ ስሄድ ድምፃቸውን ሰማሁ። መስማት ፈልጌ አይደለም፤ እግሬ ስለሚቆረጥመኝ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው፣ ኮቴዬ አይሰማም።

«...እኔ ስወጣ» ሲል መካኒኩን ሰማሁት፤ ከዚያ ሳል ዋጠው። ቀጥሎ «...እሱ ግን እንዳይሰማ። አደራ» አለ።

«ለምን አይነግሩትም?» አለ ጥሩምባ ነፊው።

ጠጠር ረገጥኩና ዝም አሉ። ብቅ ስል ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። መካኒኩ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ በአካፋ እየገፋ ያስተካክላል፤ የተስተካከለውን አሸዋ።

«ምን ታወራላችሁ?» አልኩ።

«ስለ ብርዱ» አለ።

የምን ብርድ! ሊወጡ ነው። ሽቦውን ሊሾልኩ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፤ ብቻ እሱ ሊወጣ ነው፣ ለኔ ሊነገር አይገባም፣ ጥሩምባ ለሚነፋ ጥጃ ግን ይነገራል። ከእሳት ያወጣኝ እዚህ ሊጥለኝ ኖሯል? እራቴን አልበላሁም። አልበላሁም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ በላሁ። ግን አልጣፈጠኝም።

ቅዳሜ

ይህን በንዴት ነው የምጽፈው።

የሚቃጠለው መኪናዬ በሕልሜ ይመጣል። ሲመጣ እጮኻለሁ። ከመጮኼ በፊት ግን ቀኝ እግሬ ፍሬን እንደሚረግጥ ይወራጫል። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እግሬ ሲወራጭ መካኒኩ አንጓዬን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና «ሞተሩ ጠፍቷል» ይለኛል፣ ዝግ ብሎ። ስሜን አይጠራም፣ አይነቀንቀኝም። ሞተሩ ጠፍቷል፣ በቃ። እመለሳለሁ። ሰው ሳይሰማ፣ ሳልዋረድ። ጠዋት አንሥተነው አናውቅም።

ዛሬ ሌሊት አንጓዬን የያዘኝ እጅ ሌላ ነው። «ሞተሩ ጠፍቷል ጋሼ፣ ሞተሩ ጠፍቷል።» የጥሩምባ ነፊው አፍ!

ነገረው። የኔንና የሱን ነገር አውጥቶ ሰጠው፤ ዳቦ ገምሶ እንደሰጠው። ይህኛው ግን የሱ ድርሻ አልነበረም፣ የኔ ነው። ጠዋት መካኒኩ ከበሩ ሥር ሆኖ «ደህና አደርክ?» ሲለኝ አላየሁትም። ደጋግሞ አለ። አለፍኩት። ሁለቱ ተያዩ።

ቀንቼ እንዳይመስለው። ተከድቼ ነው።

ሰኞ

የግቢው አዛዥ ሰበሰበን። ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ሐኪሞች ነገ ይመጣሉ። በጠና የታመሙና የቆሰሉ ወደየቤታቸው ሊላኩ ነው!

እስከ ዛሬ ሳንባው ተነካ የተባለ ሰው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ዝግ ክፍል ነበር የሚከተተው፤ ከዚያ በእግሩ የወጣ አላየሁም። ስለዚህ ሁሉም ሳሉን ሲውጥ ኖረ። ዛሬ «የታመመ ይሄዳል» ሲባል ግን ግቢው በአንድ አፍታ ሆስፒታል ሆኖ አረፈው። ትናንት ሁለት ብሎኬት በአንድ እጁ ያነሣ የነበረው አናጢ ግድግዳ ተደግፎ ያቃስታል። አባባ ሳቁን መያዝ አቅቶት ዞረ።

አዛዡ ይህን አውቆታል። «ሐኪሞቹ የእያንዳንዳችሁን ሁኔታ ጥንዳችሁን ለብቻው ጠርተው ይጠይቃሉ» አለ። «አብሮ የሚያድር ያውቃል። በሐሰት የመሰከረ ከተገኘ እሱ ራሱ ቢመረጥም ይቀራል።» ጥሩምባ ነፊው ጥንድ ስለሌለው የሚመሰክርለትም የሚመሰክርበትም የለም፤ እንደ ወትሮው ሰው ሲጠራ ደጅ ቆሞ ያያል።

መካኒኩ ከሩቅ አየኝና ፈገግ አለ። እንግዲህ «ስወጣ» ያለው ይህ ነው። ቀድሞ ሰምቶ ነበር ማለት ነው። ሳሉም፣ በር ሥር መተኛቱም፣ ጣሳውም ለዚህ የተዘጋጀ ቲያትር ነው። ገባኝ። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

ማክሰኞ

መካኒኩ ቀድሞ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ሂድ፣ አትፍራ» አለኝ ሲያልፍ።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ የደከማት ሴት ናት። አዛዡ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እግሬን አየችልኝ፤ ብረቱ ያለበትን ስትጫነው ጣራ ልነካ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ፦

«ስለ ጥንድህ ልጠይቅህ። የሁላችሁም ደረት በሲሚንቶ ታፍኗል፤ አዳምጬ ብቻ መለየት አልቻልኩም። ሌሊት ያልበዋል?»

ሸሚዙ ትዝ አለኝ። ትዝ ይበለኝ እንጂ፣ ሸሚዝ ያጠበ ሁሉ በሽተኛ ነው እንዴ? «አያልበውም» አልኩ።

«ይበላል?»

«ይበላል። ተርፎት ለሰው ያካፍላል።»

«ደም ሲተፋ አይተሃል?»

«አላየሁም።» ይህ እውነት ነው። ጀርባውን ለሰጠኝ ሰው ምን ልይለት?

«ትንሽ ያስለኛል ብሎኛል።»

«ሁላችንም እንስላለን ዶክተር። ሲሚንቶ ነው። እሱ ደህና ነው፤ ከኔም ከእርስዎም ይሻላል።»

አመሰገነችኝ። ስወጣ ደረቴ ቅልል ብሎት ነበር፤ ለጥቂት እርምጃ ያህል። አሁን ያልኩትን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው። ምን ዋሸሁ? አንድም የዋሸሁት የለም። ሊጥለኝ የነበረ ሰው አብሮኝ ቢቀር ምን ይሆናል? አብረን መጣን፣ አብረን እንቀራለን።

ረቡዕ፣ ቀትር

ስም ተጠራ። ስሜ ተጠራ! እኔ! እግሩ የተቆረጠው ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ዓይነ ስውሩ መድፈኛ፣ ሌሎችም፣ እና እኔ። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይመጣል። የመካኒኩ ስም የለም።

መካኒኩ ራቅ ብሎ ቆሞ አጨበጨበ። «እሰይ! እሰይ! አላልኩም?» እያለ። ለማን እንዳለ አላውቅም። እንባ በዓይኑ ሞልቶ ይስቃል። መጥቶ ያቅፈኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ረቡዕ፣ ማምሻውን

ሞቼ ነው ቆሜ?

ጥሩምባ ነፊውን የብሎኬቱ ድርድር መሀል ተደብቆ ሲያለቅስ አገኘሁት። «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

«ሳይጠሩት ቀሩ።»

«ምን ሆኖ ይጠሩታል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ የእውነት አላወቁም?»

ከዚያ ነገረኝ። ከብርዱ በፊት ጀምሮ ደም ይተፋል። ጥሩምባ ነፊው በመጣ በማግስቱ አሸዋ ላይ ተፍቶ በአካፋ ሲሸፍነው አየውና፣ ለማንም እንዳይናገር አስማለው። ሌሊት ሸሚዙ እስኪጨመቅ ያልበዋል። ጨርቋ የሚተፋባት ናት። ዳቦው አልወርድ ብሎት ነው።

«ለኔ ለምን አልነገረኝም? እኔ ጥንዱ ነኝ!»

«‹እሱ ካወቀ ከኔ አይርቅም› አለኝ። ‹እልኸኛ ነው፤ ከጣሳዬ ይጠጣል፣ ከብርድ ልብሴ አይወጣም፣ ይዞኝ ይሞታል› አለ። እንዲቀየሙት ነው የፈለገው። ሲቀየሙት ይርቃሉ።»

«‹ስወጣ› ይል የነበረውስ?»

«በቃሬዛ ስወጣ ማለቱ ነው ጋሼ። ወደ ዝግ ክፍሉም ይሁን ወደ ጉድጓዱ። እርስዎን ለኔ አደራ እያለኝ ነበር። ‹እግሩ ሲወራጭ እንዲህ አድርግ፣ ከመጮሁ በፊት ድረስለት› እያለ። እኔ መች ወደድኩት? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ እኮ አንድ ቀን እንኳ በደህና ዓይን አላዩኝም።»

ልሄድ ዞርኩ። እሱ ግን አልጨረሰም። ትናንት ሐኪሟ በር ላይ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። መካኒኩ ከአንድ ጥንድ ሁለት ሰው አይልኩም ብሎ ሰግቶ፣ ስለ ራሱ «ትንሽ ያስለኛል» ብሎ አለፈ፤ ስለኔ ግን ቁጭ ብሎ ተሟገተ። እግሬ እንደሚያብጥ፣ ሸክሙን ጥርሴን ነክሼ እንደምሸከም፣ መኪናው በሕልሜ እንደሚመጣ። «አንድ ዓመት ከጨመረ አእምሮውን ይስታል፣ እሱን ላኩልኝ» አላት። «‹አንተስ?› ስትለው ‹የኔን ጥንዴ ይነግርሻል፤ እሱ አይዋሽም› አላት» አለኝ።

ጥሩምባ ነፊው ዓይኑን ጠራረገና ጠየቀኝ፦ «ምን አሏት ጋሼ?»

ጥዬው ሄድኩ።

ሐሙስ

ሄጄ ከመካኒኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ራቅ አለ። ተጠጋሁ። ራቅ አለ። ግድግዳ ደርሶ ሳቀ፦ «ተው አንተ ሰው፣ በግድግዳ ልውጣ?»

ላወራ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ሐኪሟ ስለኔ ጠየቀችህ?»

«አዎ።»

«ምን አልካት?»

«ሁላችንም እንስላለን አልኳት።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እሱስ እውነትህን ነው። ሲሚንቶ መስሎህ ነው። ደብቄህ እንዴት ታውቃለህ?»

«አዎ» አልኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፣ እኔም ዘው አልኩበት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

«አገር ስትገባ ቤቴ ሂድ» አለኝ። «ልጄ አድጋ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላታውቅህ ትችላለች፣ አትቀየማት። ባለቤቴን ደህና ነው በላት። አንተ ካልካት ታምንሃለች።»

ደህና ነው። እንደገና እንድለው ፈለገ። ለማለትማ ለምጄዋለሁ።

ይህንንም ሰምቼ ውስጤ ምን አለ? ከባለቤቱና ከልጁ በፊት የታሰብኩት እኔ ነኝ አለ። ጥሩምባ ነፊው አይደለም፣ እኔ ነኝ አለ። አንጀቴ እየተቃጠለ እንኳ ያቺ ነገር ውስጤ ተቀምጣ ድርሻዋን ትለካለች። አላረፈችም። አሁን ስሟን አውቃለሁ።

ዓርብ

ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር። አባባን ለመንኩት። «ምን ቆርጦህ ነው? ስምህ ተጠርቶ የለ? ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ብብቴን ይዞ አነሣኝና አስገባኝ።

አዛዡም ነበር። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እያሻሸች ነበር።

«ጥንዴ ያልበዋል» አልኩ። «ሸሚዙ ጠዋት ይጨመቃል። አይበላም፤ ዳቦውን ለሰው ነው የሚሰጠው። ደም ይተፋል። ጨርቅ አለው፣ ቀኝ ኪሱ ውስጥ ናት።»

«ማክሰኞ ደህና ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

አዛዡ ወንበሩን ወደኔ አዞረ። ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ዝግ ክፍሉን ፈርቼ ልል ነበር፤ ሲሚንቶ መስሎኝ ልል ነበር፤ መካኒኩ ራሱ ያቀበለኝ ምክንያት አፌ ላይ ነበር።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

«በማን?»

«በጥሩምባ ነፊው።»

አዛዡ አባባን አየው። «ሴት አለችበት?»

«ሴት የለችበትም ጌታዬ። ጓደኛዬን የወሰደብኝ መሰለኝ።»

የሆነ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። የዚህ ዕድሜ ሰው፣ ጢሜ እየሸበተ፣ እንደ ሕፃን «ጓደኛዬን ወሰደብኝ» ብዬ በአዛዥ ፊት ቆምኩ። ሐኪሟ አልሳቀችም። ማዳመጫዋን ከታሸገ ሳጥን ውስጥ መልሳ አወጣችና ወጣች።

መካኒኩን ደጅ ላይ አስቀምጣ ቆርቆሮ ላይ አስተፋችው። አየሁት። ዛሬ ጀርባውን አልሰጠኝም፣ ስለዚህ አየሁት።

«ይህ ሰው ነገ ይሄዳል» አለች።

አዛዡ ወደኔ ዞረ። «ሕጉን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

መካኒኩ ነገሩ ሲገባው ተነሣ። በቁጣ ሲጮህ አይቼው አላውቅም፣ ዛሬ አየሁ። «አንተ ደደብ! አንተ ጅል! ስንት ለፍቼ ያወጣሁህን!» ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲለቀው ደግሞ «ለምን አልክ?» አለኝ።

ለሱም ነገርኩት። እውነቱን፣ ሁሉንም፣ ማክሰኞ ያልኩትን፣ ለምን እንዳልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲመሽ ብርድ ልብሴን ይዤ በሩ ሥር ሄድኩ፤ «ሂድ ከዚህ» አለኝ።

ቅዳሜ

መኪናው በማለዳ መጣ። አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ሲንኳኳ ቫልቩ መስተካከል እንዳለበት ከሩቅ አወቅሁ። መካኒኩም እንዳወቀ አውቃለሁ፤ ሊሳፈር ሲጠጋ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል አደረገ።

ዓይነ ስውሩን መድፈኛ ደግፎ አወጣው። የወጥ ቤቱን ሰው ክራንች አቀበለ። የሚረዳው ሰው ሲያልቅ ጥሩምባ ነፊውን ከሩቅ የሆነ ነገር አለው፤ ጥሩምባ ነፊው «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የብሎኬቱ ድርድር አጠገብ ቆሜ ነበር። ወደኔ አላየም። ይቅርታ ልለው ሌሊቱን ሁሉ አጥንቼ ነበር። «ደህና ግባ» እንኳ አላልኩትም።

መኪናው ተነሣ። ጥሩምባ ነፊው መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። ያለቅሳል። ከኔ አብልጦ ያለቅሳል፤ ይህም እንኳ ቆረቆረኝ፣ አልደብቅም።

መኪናው የሽቦውን በር አልፎ ሲታጠፍ፣ ከኋላ ጫፍ የተቀመጠው መካኒኩ ዞር አለ። ወደኛ አየ። ከዚያ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። አቧራው እስኪውጠው ድረስ አላወረደውም።

«አዩት ጋሼ?» አለ ጥሩምባ ነፊው በእንባው መሀል። «ለኛ እኮ ነው ያወዛወዘው።»

«ለኔ ነው» አልኩት።